ስድስት ትርፍ ባይት

ይድረስ ካለህበት ለጀማልዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ በላዩም ጥቂት ቀናት ተጨመሩ። ይህ ደብዳቤ ይረዝማል፤ ከወዲሁ እወቀው። በሕይወት ሳለህ ከሦስት መስመር ያለፈ መልእክት ስልክልህ ጫፉን ዓይተህ «እሺ» ብለህ ነበር የምትዘጋው። አሁን ግን የት ትሄዳለህ፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። ደግሞም እናትህ ኡሚ ጻፍኩ ካልኳቸው «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ማለታቸው ስለማይቀር፣ አንተ አሳምረህ የምታውቀውን ነገር ሁሉ እያብራራሁ ነው የምጽፈው። ያበሳጭሃል። ይበልህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሰፈራችን ሳቢያንም ያው ነው፤ ባጃጆቹ በራችን ላይ ሲታጠፉ ክላክስ ያደርጋሉ፣ ሙቀቱም ከሰዓት ላይ ሰው አያስወጣም። የግቢው ኒም ዛፍ ቅርንጫፉን ጣሪያው ላይ ጥሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ይፍቃል። ማብሪያዎቹ ላይ የለጠፍኳቸው ጽሑፎች ጨምረዋል፦ «የሳሎን መብራት»፣ «የበረንዳ መብራት»፣ «ይህ አይሠራም፤ አትንኩት»። እነዚህን ለመለጠፍ ካንተ ጋር ስንት ቀን ተከራክረናል! ተጭኖ ማየት እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ትል ነበር። ኡሚም ያንተው እናት ናቸውና ጽሑፉን ከቁብ ሳይቆጥሩ ሁሉንም ተራ በተራ ይጫናሉ፤ የማይሠራውንም ጭምር።

ፍሪጁ ተሠራ። ይህን ማመን ያቅትሃል፣ ስለዚህ እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ። ያረፍክ ዕለት ለወዳጆቹ ደውይ ብለው ስልክህን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከፈትኩት። የሰው ስም የለም። ፊደል ብቻ ነው። «መ»፣ «ሀ»፣ «ከ»፣ «ዠ»። የስምንት ዓመት ሚስትህ እኔ ራሴ «ፈ» ነበርኩ፤ ፈቲያ ብሎ ለመጻፍ ሁለት ፊደል መጨመር ከብዶህ። ምን ላድርግ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ለእያንዳንዱ ፊደል እየደወልኩ መርዶ ነገርኩ። «ከ» ጀማል አረፈ ስለው ስልኩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የአጎትህ ልጅ ከድር ነው ብዬ አብሬው አለቀስኩ፣ ቤተ ዘመዱን በሙሉ እየጠራሁ አጽናናሁት። ለቅሶ ሲመጣ ግን ፍሪጅ ጠጋኙ ካሚል ሆኖ ተገኘ። ከረመዳን ጀምሮ እደውልልሃለሁ እያልክ ታስጠብቀው እንደነበር ነገረን። የለቅሶው ቀን፣ ተዕዚያው፣ ሲያበቃ ዕቃውን ይዞ ተመልሶ መጣና ሠራው። ዛሬም ኡሚን ሳይጠይቅ ሳምንት አያልፈውም፤ ከከድር እሱ ይሻላል። «ዠ» ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። መርዶውን ሲሰማ «ኢና ሊላህ» ብሎ ዘጋ፤ እሱም እንዳንተ ቃል ቆጣቢ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስለ ቅንጣት ነው።

ኡሚ እንዲገባቸው ከሥሩ ልጀምር። እኔና አንተ ፕሮግራመሮች ነን፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ኮድ ስንጽፍ ነበር የምንውለው። ስንጋባ ሰው ሁሉ እነዚህስ ገጠሙ ብሎ ነበር፤ ስለ ኮድ ግን አንድም ቀን ገጥመን አናውቅም። አንተ ኮድ ማለት የሰው ስልክ ላይ የሚጫን ሸክም ነውና አንዲት ትርፍ ፊደል አይኑረው ትላለህ። እኔ ደግሞ ኮድ ነገ ሌላ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነውና ሁሉም በስሙ ይጠራ እላለሁ። እኔ «የወሩ ቀናት ብዛት» ብዬ የምሰይመውን አንተ በአንዲት የላቲን ፊደል ታልፈዋለህ። ምን ማለት ናት ብዬ ስጠይቅህ መልስህ «ከቦታዋ ይታወቃል» ነው። ከቦታዋ! የአንዲት ባዶ ቦታ ነገር እኮ ግማሽ ቀን አኳርፎናል፤ እኔ ለዓይን እንዲመች እጨምራለሁ፣ ዞር ስል አንተ ታጠፋለህ።

ቅንጣትን የጻፍካት በዚሁ ጸባይህ ነው። ላይብረሪ ናት፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ከራሳቸው ሥራ ጋር አገናኝተው የሚጠቀሙባት የተዘጋጀች ኮድ ማለት ነው። የእኛን ቀን፣ የፈረንጁንና የሂጅራውን ከአንዱ ወደ ሌላው ትለውጣለች። አንድ ቤት ውስጥ ሠርጉ በአንዱ፣ ጾሙ በሌላው፣ የቪዛ ቀጠሮው በሦስተኛው ለሚቆጠርበት ለድሬ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። መላ አካሏ አንድ ገጽ አይሞላም። ኮሜንት፣ ማለትም ለአንባቢ ብቻ ተብሎ የሚጻፍ ማብራሪያ፣ አንድም የላትም። የስህተት መልእክትም የላትም፤ የማይሆን ነገር ሲሰጧት ዝም ብላ የመሰላትን ትመልሳለች። ስህተት ነው ብሎ መናገር ቦታ ይፈጃል ብለኸኝ ነበር።

እዚህ ላይ ተናድጃለሁ ጀማል። ዓመቱን ሙሉ ተናድጄብሃለሁ። ልብህ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ነው የቆመችው። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ሳያመው አይቀርም ሲለኝ አላመንኩትም፤ በኋላ ግን ደረጃ ስትወጣ ስልክ የምታይ መስለህ የምትቆመው ትዝ አለኝ። «ደረቴን አመመኝ» ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል ቆጠብክብኝ። ሌላውን ሁሉ ቆጥብ፣ እሷን ግን ምን ነበረበት ብትነግረኝ?

ይኸው ኡሚ እንዳያለቅሱ ወደ ቅንጣት ልመለስ።

የመበለት ሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ ጨርሼ ብዙም ሳልቆይ፣ መስከረም ላይ፣ ኢፍቱ የምትባል ሴት ቤት ድረስ መጣች። ለገጠር እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀን የሚያስታውስ አፕ የሚሠራ ቡድን አለ፤ እሷ ኃላፊዋ ናት፤ አፑ ቀን የሚቆጥረው በቅንጣት ነው። ችግር ተፈጥሮ ነበር። ጀልዴሳ ያለች አንዲት እናት ጳጉሜ ስድስት ቀን ልጅሽን ይዘሽ ነይ የሚል መልእክት ደረሳት። ያለፈው ጳጉሜ ግን አምስት ነበር። ሴትዮዋ ከአምስት ቀጥሎ ያለው ስድስት ነው ብላ ልጇን አዝላ ስትመጣ ጤና ኬላው ዝግ ነው። ዘበኛው ዛሬ እኮ መስከረም አንድ ነው፣ በዓል ነው ይላታል፤ እሷ ስልኳን አውጥታ አንተ ነህ ወይስ መንግሥት የሚያውቀው ትለዋለች። ዘበኛውም ተጠራጥሮ እንኳን አደረሳችሁ ማለቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር አሉ።

ጥፋቱ ግማሹ የነሱ ነው፤ ሳምንት ሲደምሩ የሌለ ቀን ላይ ደርሰው ያንኑ ለቅንጣት ሰጧት። ግማሹ ግን ያንተ ነው። ቅንጣት እንዲህ ያለ ቀን የለም አላለችም፤ ዝም ብላ ተቀበለች።

ኢፍቱ ጨዋ ሰው ናት፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ክፉ ነገር አልተናገረችም። ከዚያ ግን ቁርጡን ነገረችኝ። ቅንጣት ሲሳሳቱባት የምትናገር፣ እነሱም አንብበው የሚጠግኗት ካልሆነች አውጥተዋት ከውጭ የመጣ አንድ ትልቅ ላይብረሪ ይተካሉ። ጥቂት ወራት ሰጠችኝ። እሺ አልኳት፤ ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቅንጣትን የሚጠቀም ሌላ ሰው የለም። ልብሶችህን ሰጥተናል፣ ወንበርህ ላይ ኡሚ ጫማቸውን ያስቀምጡበታል። ከእጅህ ወጥቶ እስካሁን በየቀኑ የሚሠራ ነገር እሷ ብቻ ናት። ካወጧት አበቃ።

ፋይሉን ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ብዙውን እየፈታሁ ደረስኩበት፤ ስምንት ዓመት አብሬህ የኖርኩት በከንቱ አይደለም። አንዲት መስመር ግን እምቢ አለችኝ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትልቅ ቁጥር፣ በቅንፍ ላይ ቅንፍ፣ መሐል መሐሏ ላይ ደግሞ «ፈ»። የላቲን ፊደሎቹ አልቀውብህ ወደ እኛ ፊደል የዞርክ መሰለኝና አለፍኳት። መስመሯን ሳወጣት ሁሉ ነገር ይፈርሳል፤ ስመልሳት ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ የለም።

ያቺን መስመር ቅዳሜ በርጫ ላይ እንደጻፍካት ትዝ አለኝ። ጓደኞችህ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መጅሊሳችን፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ይሰበሰባሉ፣ ዱዓ ያደርጉልሃል፣ ጫት ይቅማሉ። በምርቃና የተጻፈን ነገር በምርቃና ነው ማንበብ ብዬ ላፕቶፑን ይዤላቸው ገባሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሥራ እንደበዛበት ሰው ተከዙ። አሥር ሰዓት ላይ ሙክታር፣ ያ የሒሳብ አስተማሪው፣ ድንገት ተነስቶ «አቦ ገባኝ! ወላሂ ገባኝ!» አለ። ከዚያ ለሁሉም ገባቸው። እየተቀባበሉ አስረዱኝ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል፣ እኔም ሳልቅም የገባኝ መሰለኝ። ብልጥ ነኝ ብዬ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌው ነበር። በማግስቱ ከኢፍቱ ጋር ሆነን ስንሰማው አንድ ሰዓት ሙሉ «ገባህ?» «ገባኝ!» «አየሃት አይደል?» «ማሻአላህ፣ ጀማል እኮ ጅኒ ነበር!» ብቻ ነው። ምኑ እንደገባቸው አንድ ቃል የለም። መጨረሻ ላይ ወሬው ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሆነ። ሙክታርን ሰኞ ስጠይቀው የትኛዋን መስመር አለኝ።

ስለዚህ እሷን እንዳለች ትቼ ሌላውን እንደገና ጻፍኩት። ጀማልዬ፣ ብታየው ትታመም ነበር። ለሁሉም ሙሉ ስሙን ሰጠሁት። ከየመስመሩ በላይ ማብራሪያ ጻፍኩ። የስህተት መልእክቶቹን ስጽፍማ እጄ አላርፍ አለ፤ «ይህ ቀን በዚህ ዓመት ውስጥ የለም፤ እባክዎ ዓመቱ ስንት የጳጉሜ ቀናት እንዳሉት አስቀድመው ያረጋግጡ» የሚል ሁሉ አለበት። ፋይሉ እንደ እርጉዝ አበጠ። ማብሪያ ላይ ወረቀት የለጠፍኩ ያህል ደስ አለኝ። ኢፍቱም አንብባው ገባት፤ ያለ በርጫ።

ልንሞክረው ገጠር ወጥተን ቢዮ አዋሌ ሄድን። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ዘሃራ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው ያላት፤ ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ ከኬላው ጀርባ አንድ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው። ዘሃራ ድንጋዩ ላይ ወጥታ አዲሱን ከፈተች። ነጭ ገጽ መጣ። መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች። ጠበቅን። እናቶቹ ልጅ እንዳዘሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳው ሥር ተጠጉ። ክቧ ትዞራለች። አንዷ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ብላ ሌሎቹ ሳቁ፤ ኢፍቱ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። ዘሃራ ታክቷት ወደ ድሮው መለሰችው፤ ጣቷን ከስልኩ ሳታነሳ ቀኑ ወጣ።

ከዚያ ዘሃራ ስለ አንተ ነገረችኝ፤ ሚስትህ መሆኔን ሳታውቅ። ከዚህ በፊት አንድ አጭር ሰውዬ እየመጣ እዚሁ ድንጋይ ላይ ይቆም ነበር አለች። ስልኳን ተቀብሎ ይከፍታል፣ ከከንፈሩ ሥር ይቆጥራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። ሲመለስ ከበፊቱ ፈጥኖ ይከፈታል። ምን እንደሚሠራ ነግሯቸው አያውቅም፤ ሲወጣ ወተት ገዝቶ ይሄዳል።

እኔ የማውቀው ወተቱን ነው። ቢዮ አዋሌ ለግመል ወተት የምትሄድ ነበር የሚመስለኝ፤ ይህ ሁሉ መንገድ ለወተት ነው ወይ እያልኩ ስጨቀጭቅህ አንድም ቀን ለሌላ ነው አላልከኝም። እኔ ኮድህን የምታሳጥረው ከስስት የተነሳ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ለካ አንዲት እናት ፀሐይ ላይ እንዳትቆም ነው።

ከዚያ በኋላ መሐል መንገድ ፈለግሁ። ረጅሙን ኮድ የሚያሳጥር ፕሮግራም እንዳለ ታውቃለህ፤ ማብራሪያውን ይጥላል፣ ረጅሙን ስም በአንዲት የላቲን ፊደል ይተካል፤ ለእኛ የሚነበበው ይቀራል፣ ለዘሃራ ትንሹ ይሄዳል። አንተ ትንቀው ነበር። ረጅም ሱሪ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ እንደሚሮጥ ሰው ነው ትል ነበር። ጀማልዬ፣ አንተ ራስህ ከቀፊራ ገበያ ገዝተህ ሳታሳጥር የለበስከው ሱሪ የትኛው ነው? ሁሉንም ያሳጠርኩልህ እኔ ነኝ። ብቻ ይህ አሳጣሪ ማሽንም ቢሆን ብቻውን አልበቃም፤ ልፍለፋዬን ራሴ መቁረጥ ነበረብኝ። ያ ሁሉ የስህተት መልእክት ተቆርጦ ተቆርጦ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብቻ ቀረ። ከዚያ በታች አልወርድም አልኩ። ቅንጣት ከእንግዲህ ሲያማት ትናገራለች።

እንደገና ቢዮ አዋሌ ሄድን። ዘሃራ ከፈተችው፤ እኔ ከከንፈሬ ሥር ቆጠርኩ። ካንተው ትንሽ ይዘገያል፤ ነገር ግን እናቶቹ ጥላ ፍለጋ ሳይጠጉ ቀኑ ወጣ። ኢፍቱ ቅንጣት ትቆያለች አለች። እኔም ወተት ገዝቼ ተመለስኩ።

የመጨረሻውን ነገር ልንገርህ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ያለፈው ሳምንት ኢፍቱ ማሽኑ ያወጣውን ስትመረምር ደስ ብሏት ስድስት ባይት ተጨማሪ አተረፍን አለችኝ። ባይት፣ ኡሚ፣ ፋይል የሚመዘንባት ትንሿ ሚዛን ናት። ከየት አልኳት። ያቺ የማትገባን መስመር ላይ ሦስት ቦታ «ፈ» አለች፤ ማሽኑ በላቲን ፊደል ተካት። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ሦስት ይመዝናል። ስለዚህ በየቦታው ሁለት ሁለት ተረፈ።

ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ማንኛውም ፕሮግራመር ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። የድሮውን ፋይል ከፍቼ የላቲን ፊደሎቹን ፈለግሁ። አላለቁብህም ነበር። ኪውም፣ ዜድም፣ ሌሎችም ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል።

ለአንዲት ባዶ ቦታ ግማሽ ቀን የሚያኮርፈኝ ሰው፣ ለእናቱ እንኳ ከአንድ ፊደል በላይ ስልኩ ላይ ያልጻፈ ሰው፣ ለኔ ስድስት ባይት አባክኗል። ሌላ ምክንያት ነበረው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ኡሚ ሮጠው መጡ፣ ጨለማ መስሏቸው ማብሪያዎቹን ሁሉ ተጫኑ፣ ከዚያ ላፕቶፑ የተበላሸብኝ መስሏቸው ካሚልን እንጥራው አሉ።

ማሽኑን «ፈ»ን እንዳይነካ አዘዝኩት። እንዲህም ማድረግ ይቻላል። ኢፍቱ ምክንያቱን ጻፊ ስላለችኝ ከመስመሯ በላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህችን መስመር የጻፋት ባሌ ጀማል ነው። እንዴት እንደምትሠራ አናውቅም፤ ትሠራለች። አትንኳት።» አትጨነቅ፣ ጽሑፉ ኮሜንት ነው፤ ዘሃራ ስልክ ላይ ሳይደርስ ይወድቃል፣ ማንንም አይከብድም። ስድስቱ ባይት ግን ይሄዳል። ቢዮ አዋሌም ጀልዴሳም፣ ቀን በተጠየቀ ቁጥር አብሮ ይሄዳል።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያንን የሚያሳጥረው የለም። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፤ ጠባብ ነገር እንደምትወድ አውቃለሁ፣ እኔ ግን ሰፊ ነው የምለምንልህ። ስሜንም ለመጀመሪያ ጊዜ ባንተ አጻጻፍ እጽፋለሁ።

ያንተው፣
ፈ